የዕድሜ ልክ ዘይት

ባለፈው ወር የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡ። በማግስቱ የመምህራን ክፍል በር ላይ አስቆሙኝና፣ «አንቺ ድሮ መካኒክ ነበርሽ አሉ። የካምቢዮውን ዘይት ልቀይረው ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቁኝ። ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሶላቸው ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር። እኔ «አይቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ጠመኔዬን ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ሸሸኋቸው።

ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ሙያ ትቼ ነገሌ ላይ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ለምን እንደተውኩት የሚጠይቁኝ ሰዎች ሴት ስለሆንኩ የከበደኝ ይመስላቸዋል። ክብደቱንስ ለምጄው ነበር። የተውኩበትን ምክንያት በቃል አስረድቼ ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈው።

አባቴ ከሰሜን በምደባ የመጣ አስተማሪ ነው፤ እኔ የተወለድኩት ግን እዚሁ ነገሌ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የአውቶሞቲቭ ምሕንድስና ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ክብረ መንግሥት፣ የመንገድ ሥራ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ አምስት ወር ሙሉ መፍቻ አልያዝኩም። አለቃው የሥራ ማዘዣ ስሞላ እንድውል አደረጉኝ፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው አሉ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከመካኒኮቹ አንዱ፣ «ራዲዮኑን ዝጉት፣ ኢንጂነሯ ልትናገር ነው» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ልናገር የነበረውን ግን እተወዋለሁ። ይህ ልማድ ከክብረ መንግሥት ስወጣ አብሮኝ ወጣ።

ቀጥሎ የተቀጠርኩት ነገሌ ውስጥ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጋራዥ ነው። የሎጂስቲክስ ኃላፊው አቶ ተሾመ ነበሩ፤ ሥርዓት የሚወዱ፣ ሠራተኛ የማይሳደቡ፣ ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ የሚያምኑ ሰው። ዋናው መካኒክ ኦቦ ጅሎ (አቶ ጅሎ እንደ ማለት ነው) ይባላሉ። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ሻኪሶ ወርቅ ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ሄደው፣ ወርቁ እምቢ ሲላቸው የወርቅ ፈላጊዎችን መኪና መጠገን የጀመሩ ሰው ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ግማሹ ኦሮምኛ ነው። እኔን «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ሲቀልዱብኝ ደግሞ «ኢንጂነር»።

መፍቻ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ከመፍቻው በፊት ግን ሌላ ነገር አስተማሩኝ። ኦቦ ጅሎ ሾፌሩን ሳይጠይቁ ኮፈን አይከፍቱም። መኪና ሲገባ መጀመሪያ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡና «ንዳ» ይላሉ። ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሾፌሩ በየት መጣሁ፣ ምን ጫንኩ፣ የት ላይ ተንቀጠቀጠብኝ እያለ ያወራል። እሳቸው አንድም ቃል አይተነፍሱም። ሲወርዱ ግማሹን በሽታ አግኝተውታል። «መኪና አፍ የለውም» ይሉኝ ነበር፤ «አፉ ሾፌሩ ነው። ሾፌሩን ያልጠየቀ መካኒክ የከብት ሐኪም ነው።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ዘይት ነበር። ከመለኪያዋ ብረት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ይጥሉና እስከ ማግስቱ ይተዉታል። ደህና ዘይት በወረቀቱ ላይ እየሳሳ ሰፍቶ ይሄዳል። የደከመ ዘይት መሐሉ ላይ ጥቁር እምብርት ጥሎ ይቆማል። ቀለሙን ካዩ በኋላ ያሸቱታል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል ያሹታል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አይቸኩሉም።

አውቶማቲኳ የመጣችው ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋና ቢሮ ሲሠራባት ቆይቶ ለእኛ አወረዳት። ሌሎቹ መኪኖቻችን በሙሉ ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር፣ ባለ ፍሪሲዮን ነበሩ። እሷ ሰፊና ረጅም ስለነበረች አልጋ ተገጠመላትና በሊበን ውስጥ ካሉ ሩቅ ቀበሌዎች ምጥ የያዛቸውን እናቶች ወደ ነገሌ ሆስፒታል እንድታመላልስ ተወሰነ። ለዚያ አቅጣጫ የተመደበች መኪና እሷ ብቻ ነበረች። የጤና ሠራተኞቹ በየመንደሩ ዞረው፣ ምጥ ሲጀምር ደውሉ፣ መኪና ይመጣል ብለው አስተማሩ። ድሮ ቀናቸው ሲቃረብ ወደ ከተማ ዘመድ ቤት ይገቡ የነበሩ ሴቶች ቤታቸው መቆየት ጀመሩ።

ኦቦ ጅሎ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብዙ አልነኩም ነበር፤ ስለዚህ አብረን ተማርን። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ የዚህ ካምቢዮ ዘይት ግን ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ማርሹን በየቦታው አዳርሰን ወደ ማቆሚያው ከመለስን በኋላ ነው የሚለካው። አጥፍቶ የለካ ሰው የጎደለውን ሙሉ ነው ይላል። ይህን እኔ ከመጽሐፍ አነበብኩላቸው። እሳቸው ጠብታውን ወረቀቱ ላይ ጣሉት። አዲስ ሲሆን ቀይ የሆነው ዘይት ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ሽታው ግን ገና አልተበላሸም።

«መቼ ነው የተቀየረው?» አሉኝ።

ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ወረቀት ገለጥኩ። የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ መቀየር አያስፈልገውም ይላል። አነበብኩላቸው።

«የማን ዕድሜ?» አሉ። «የእኔ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ብዙ አልቀረኝም።»

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የተጻፈ ወረቀት የሊበንን ሙቀትና አሸዋ አያውቅም። ዘይቱ ገና ጤነኛ ነውና አሁን መቀየር አለበት። ግን አንዴ ሁሉን ማፍሰስ አይደለም። ከታች ሳህኑ ሲፈታ የሚወርደው ሲሶ ያህሉ ነው፤ ያንን አውጥቶ ፊልትሮውን ቀይሮ በአዲስ መሙላት፣ ሁለት ሳምንት ነድቶ መድገም፣ አሁንም ሁለት ሳምንት ነድቶ መሠለስ። የማያውቁትን ካምቢዮ ቀስ ብሎ ማለማመድ ይሻላል አሉ። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌም ለከባድ መንገድና ለሙቀት የተለየ መቀየሪያ ጊዜ ያስቀምጣል። አንድ ገጽ ጥያቄ ጽፌ ለአቶ ተሾመ አቀረብኩ።

አቶ ተሾመ እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ይህ ዘይት ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው» አሉ። «ወረቀቱ ደግሞ አያስፈልግም ይላል። መኪናዋን ለዓመታት ከያዙት ሰዎች ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አይ» አልኩ።

ጥያቄዬን መልሰው ሰጡኝ፣ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያ ዓመት መጨረሻ የኦቦ ጅሎን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ ሻኪሶ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ጋራዡ በእኔ እጅ ቀረ። በየወሩ የካምቢዮውን ዘይት ወረቀት ላይ እጥላለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ደብተር ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ቡኒ፣ ጥቁር ቡኒ፣ ከዚያ ጥቁር። ማንም እንዲህ የተስተካከለ ደብተር አይዝም። ጥንቃቄዬ ሁሉ በመመዝገብ አለቀ፤ ደብተሩን ይዤ አቶ ተሾመ ቢሮ የገባሁበት ቀን የለም። የመኪናዋ ሾፌር ቦሩ አጠገብ ተቀምጬ «ንዳ» ያልኩበት ቀንም የለም። ቦሩ ለሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ ቀልደኛ፣ ድምፁ ትልቅ ሰው ነበር። ከእሱ ጎን ተቀምጬ መጠየቅ አፈርኩ። መኪናዋን ሲያስገባ ቁልፉን ሰጥቶኝ ይሄዳል፤ እኔም ኮፈን እከፍታለሁ።

ከዓመት በኋላ ከዋናው ቢሮ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። የቁጥጥሩ ቅጽ ላይ «የካምቢዮ ዘይት የተቀየረበት ቀን» የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ የአውቶማቲኳ ባዶ ነው። አቶ ተሾመ ጠርተውኝ ዘይቱ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ ተቆጣጣሪው ከመግባቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ይቀየር አሉ። ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ለኦቦ ጅሎ ደወልኩ። አካም ጅርቱ፣ ናጋ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ተባብለን ስናበቃ ነገርኳቸው።

«ምን ይሸታል?» አሉ።

«የተቃጠለ።»

«የተቃጠለ ምን?»

አስቤ፣ «ከሰል ላይ የተረሳ በቆሎ» አልኩ።

«እንግዲያው አትንኪው፣ ኢንታላ ኮ። ጊዜው አልፏል። ውስጥ ማርሹን የሚይዙት ሰሌዳዎች ተልጠዋል፤ አሁን የሚያያይዛቸው ዘይቱ ውስጥ ያለው የገዛ ራሳቸው ፍቅፋቂ ነው። እሱን አጥበሽ ካወጣሽው የሚይዝ ነገር የለም። ከሩቅ መንገድ አውጧት። ከተማ ውስጥ ትሥራ። ሌላ ካምቢዮ ጠይቂ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ተሾመን እኔ ላናግረው?» አሉኝ።

«አይ፣ እኔው አናግራቸዋለሁ» አልኩ።

አቶ ተሾመ ቢሮ ስገባ ከዋናው ቢሮ ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። በእጃቸው ጠብቂ አሉኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። የምለውን በልቤ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ስልኩን ሳይዘጉ አፉን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ተቀየረ?» አሉ።

«ነገ» አልኩ።

ስለዚያች ቃል ብዙ አስቤያለሁ። ፈሪ ብቻ አልነበርኩም። መጽሐፌ ውስጥ አዲስ ዘይት ካምቢዮ ይገድላል የሚል ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ኦቦ ጅሎ ያሉትን ከመካኒክ ተረት ቆጠርኩት፤ መጽሐፉን ያመንኩት ግን ዝም እንድል ስለፈቀደልኝ ነበር።

በማግስቱ ሳህኑን ፈታሁ። ከሥሩ የብረት ብናኝ የሚለቅመው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ ነበር፤ እሱ በማንኛውም ካምቢዮ ውስጥ ይኖራል። ከጭቃው ሥር ግን ማግኔት የማይስበው ጥቁር ቅርፊት ተከማችቷል፣ እንደ ሻይ ቅጠል። በጣቴ አነሳሁት፤ የሰሌዳዎቹ ልባስ ነበር። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ሳህኑን አጥቤ መለስኩት። ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ቱቦ ፈትቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ ጥቁሩ ወጥቶ ንጹሕ ቀይ እስኪፈስ ድረስ አዲስ ዘይት ጨመርኩ። ሰንጠረዡ ላይ ቀኑን ጻፍኩ።

ስምንት ቀን እንደ አዲስ ሄደች። ማርሽ ስትቀይር አይታወቅም። ቦሩ «ኢንጂነር፣ ወጣት አደረግሻት፤ እኔንም በዚያው ብትቀይሪኝ» አለኝ። ተቆጣጣሪው ደብተሬን አይቶ አመሰገነኝ። ኦቦ ጅሎ ተሳስተዋል ብዬ አሰብኩ፤ ደስ አለኝ ብል አልዋሽም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ቦሩ ደወለ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነበርና ያለከልካል። ጡሜ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ከአማቷ ጋር ጭኖ እየመጣ ነው። ከቀበሌው ወጥተው የደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ገብተዋል። «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም» አለኝ። ቦሩ በጭነት መኪና እንደለመደው ነዳጅ ጨምሯል፣ ወደ ኋላ ሞክሯል፣ እንደገና ጨምሯል። ከዚያ ጭስ ሸተተው። አሁን የኋላ ማርሹም አይዝም።

ሌሎቹ መኪኖች በሙሉ መንገድ ላይ ነበሩ። ጋራዡ ውስጥ ፍሬኗ ተፈትቶ የነበረች አንዲት ፒክአፕ አለች፤ ገጥሜ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ራሴ ነድቼ ሄድኩ። ስደርስ ፀሐይዋ ከአናት አዘንብላለች። ቦሩ በመኪናዋ ጥላ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሕፃኑ ተወልዶ ነበር፤ አልተነፈሰም። አማቷ አዴ ዳርሚ በነጠላቸው ጠቅልለው ታቅፈውታል። ጡሜ በሕይወት አለች፣ ደም እየፈሰሳት።

ጡሜን ወደ ፒክአፑ ስናዛውር አዴ ዳርሚ በኦሮምኛ ተናገሩኝ። ድምፃቸውን አላነሱም። «ልናመጣት ነበር፤ ከአሥር ቀን በፊት የእናቷ እህት ቤት ልናስገባት ነበር። መኪናው ይመጣል፣ ቶሎ ያደርሳል አላችሁን። አምነን ተቀመጥን» አሉ። ሆስፒታል አደረስናት። ጡሜ ተረፈች።

ካምቢዮውን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ሰሌዳዎቹ ልባሳቸው አልቆ ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። እንዲህ የሚሆነው በሙቀትና በአሸዋ ብቻ አይመስልም ነበር። ቦሩን ጠራሁት፤ አጠገቤ አስቀምጬ እንዴት እንደሚነዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት።

አልደበቀኝም። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ፎሌ ላይ፣ ማለትም ባዶ ላይ፣ ጥሎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይለቃታል። በጭነት መኪና ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ነው የወረደው፤ በዚህ አገር ነዳጅ የሚቆጥብ ሾፌር ጎበዝ ሾፌር ነው። አቶ ተሾመ በየወሩ በስብሰባ ላይ ያመሰግኑት የነበረው በዚሁ ነው። በባለ ፍሪሲዮን መኪና ካምቢዮው ችሎታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ዘይቱን የሚያሽከረክርለት ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጎማው ካምቢዮውን በደረቁ ያዞረዋል። ታች ሲደርስ ደግሞ በሩጫ ላይ አስነስቶ ማርሽ ይከታል። ይህን ሳስረዳው ቦሩ አንዱን ሰሌዳ አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ማንም አልነገረኝም» አለ። ሰሌዳውን መልሶ፣ «አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

ሪፖርቱን ሦስት ቀን ጻፍኩት። ሦስት ምክንያት አስቀመጥኩ። ዘይቱ ጤነኛ ሳለ እንዲቀየር የቀረበው ጥያቄ ውድቅ መደረጉ፤ ሾፌሩ ሳይነገረው ቁልቁለት በፎሌ መውረዱ፤ ሦስተኛው፣ የጋራዡ ኃላፊ የሆንኩት እኔ ጊዜው ካለፈ በኋላ፣ አትንኪ ተብዬ፣ ቅርፊቱን በዓይኔ አይቼ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየሬና መኪናዋን ወደ ሩቅ መንገድ መልቀቄ። ደብተሬንም አያያዝኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ቦሩ መኪና በአግባቡ ባለመያዝ ከሥራ ተሰናብቷል ይላል። ሌላ የለበትም።

አቶ ተሾመ ቢሮ ገባሁ። በዚህ ጊዜ ጠብቂ ቢሉኝም አልጠብቅም ነበር፤ ግን ሥራ አልያዙም። «ሪፖርቱ ሦስት ምክንያት ነው የሚለው» አልኳቸው።

«አንዱ በቂ ነው» አሉኝ፣ በደግነት ማለት ይቻላል።

ሦስቱንም እንደገና ቆጠርኩላቸው፤ የራሴን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰሙኝ። ደብዳቤው ግን አልተለወጠም። የሥራ መልቀቂያዬን በሁለት መስመር ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ ተውኩት። እሱም ቦሩን ወደ ሥራው አልመለሰውም።

ከዚያ ሻኪሶ ሄድኩ። ኦቦ ጅሎ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፤ በድምፄ አወቁኝ። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ለአንድ ጥያቄ ነበር የሄድኩት። «ባልቀይረው ኖሮ ታደርሳት ነበር?»

ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «አላውቅም» አሉ። «ምናልባት ታደርሳት ነበር። ምናልባት ደግሞ በሳምንቱ ሌላዋን አሸዋው ላይ ታስቀር ነበር። አንቺ የምትጠይቂው ስለዚያ ሳምንት ነው። ያን ሳምንት ብትቀይሪውም ብትተዪውም የሞተ ካምቢዮ ነው። ጥያቄው የነበረው መኪናዋ የመጣች ዕለት ነው።»

አሁን እንደ ርዕሰ መምህሩ ሰው ቢጠይቀኝ የማውቀው ይኸው ነው። ዘይቱ ቀይ ወይም ፈዛዛ ቡኒ ሆኖ፣ ማርሹ ሳይንሸራተት፣ ምንም ሳያስቸግር፣ ያኔ ይቀየር፤ ቀስ እየተባለ። አስፋልት ላይ የሚኖር መኪና ይታገሣል፤ ቆላ ወርዶ አሸዋ የሚያርስ አይታገሥም። ጠቁሮና ተቃጥሎ ከተገኘ ግን አዲስ ዘይት መድኃኒት አይሆነውም። ያኔ መጠየቅ ያለበት በዚህ መኪና ላይ የማን ነፍስ ተጭኗል የሚለው ነው።

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከሊበን በሚያስገባው መንገድ ጡሜንና አዴ ዳርሚን አየሁ። ጡሜ እንደገና ፀንሳለች። አህያ ላይ ጀሪካንና ቁርበት ጭነው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ለመሸሽ አሰብኩ፤ እግሬ ግን ቆመ። አካም ጅርቱ አልኩ። አዴ ዳርሚ ናጋ ብለው መለሱልኝ። ሁለት ቀን በእግር እንደመጡ፣ የጡሜ ወር ገና እንዳልገባ፣ እስክትወልድ አክስቷ ቤት እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ጡሜ እግሯን ታሻለች፤ አብጧል።

አሁን ሌላ መኪና እንዳለ ነገርኳቸው። አዲስ ነው፣ ባለ ፍሪሲዮን ነው፣ ሌላ ሾፌር ነው፣ ብትደውሉ ይመጣ ነበር አልኩ።

አዴ ዳርሚ የአህያዋን ገመድ ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እሱም ያረጃል» አሉ፤ ሄዱ።